አንቲባዮቲክ ያለ ማዘዣ ይሰጥ ወይስ አይሰጥ?

ይከልከል ባይ፦ ሰውየው ፋርማሲ ገብቶ «ጉሮሮዬን እያመመኝ ነው፤ ባለፈው የወሰድኩትን አዚትሮማይሲን ስጡኝ» ይላል። ይሰጠዋል። ጉሮሮውን ያየለት የለም። የልብ ሕመም እንዳለበት፣ ሌላ ምን መድኃኒት እንደሚወስድ የጠየቀውም የለም። አብዛኛውን የጉሮሮ ሕመም የሚያመጣው ደግሞ ቫይረስ ነው፤ አንቲባዮቲክ ምንም አያደርገውም። አዚትሮማይሲን ራሱ የዓለም ጤና ድርጅት ባክቴሪያ ቶሎ እንዳይለምዳቸው ክትትል ይደረግባቸው ካላቸው መድኃኒቶች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ሰበብ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደሞተ ይገመታል። ስለዚህ ማዘዣ ከሌለ መድኃኒት የለም። አለቀ!

ይፈቀድ ባይ፦ አላለቀም ወንድሜ። ችግሩን በደንብ አይተውታል፤ መፍትሔው ላይ ግን አልስማማም። ለጉንፋን አንቲባዮቲክ የሚጽፍ ሐኪም ሞልቶ የለ እንዴ? ታካሚው ባዶ እጁን መመለስ አይፈልግም። ሐኪሙም ደጅ ላይ ወረፋ አለበት፤ ጽፎ ይሸኘዋል። ወረቀቱ ሕጋዊ ነው፤ ስህተቱ ግን ያው ነው።

በእንግሊዝ ከ2024 መጀመሪያ አንስቶ ፋርማሲስቶች 7 ቀላል ሕመሞችን ያክማሉ። የሴቶች የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን አንዱ ነው። የሚሠሩት በተጻፈ መመሪያ ነው፦ ይጠይቃሉ፤ መስፈርቱን ላላሟላ አንቲባዮቲክ አይሰጡም፤ አስጊ ምልክት ካዩ ወደ ሐኪም ይልካሉ።

ይከልከል ባይ፦ እዚያ ለምክክሩ ይከፈላቸዋል፤ መድኃኒት ባይሰጡም። በብዙ ቦታ ግን ፋርማሲ የሚያድረው በሽያጭ ነው። «አያስፈልግዎትም» ቢል ደንበኛው አጠገቡ ካለው ፋርማሲ ይገዛል። «3 ፍሬ ብቻ» ለሚለውም የመድኃኒቱን እሽግ በመቀስ ቆርጦ ይሰጣል። ጊዜው የሚያልፍበት ቀን የታተመበት ጫፍ እዚያው መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

ይፈቀድ ባይ፦ ይሄ እኮ የሚሆነው ማዘዣ ግዴታ በሆነበት አገርም ነው! ሕጉም አለ፣ መቀሱም አለ። ተቆጣጣሪ የሌለው ክልከላ ሻጩን ድብብቆሽ ያስተምረዋል እንጂ ሽያጩን አያስተወውም። ተደብቆ የሚሸጥ ደግሞ አለርጂ አይጠይቅም፣ መዝገብ ላይም አያሰፍርም። እናት ልጇን ውሃ የመሰለ ተቅማጥ ይዞት ስትመጣ ፋርማሲስቱ ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለውን አንቲባዮቲክ ከሚሰጣት ኦአርኤስ (በውሃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ዱቄት) እና ዚንክ ሰጥቶ፣ ደም ካየች ሐኪም ዘንድ እንድትሄድ ቢነግራት አይሻልም? ይህን ፋርማሲስት እናሠልጥነው ነው የምለው።

ይከልከል ባይ፦ ሥልጠናው ይሁን። ግን ኦአርኤስ ሰጥቶ የሸኛት ፋርማሲስት የቤት ኪራዩን በምን ይክፈል? ለምክሩ የሚከፍለው ሲገኝ ፈቃዱን እንነጋገርበታለን። እስከዚያው ማዘዣው ይቅረብ።