ይድረስ ለግራዝማች ግራ ጎን እና ለቀኛዝማች ቀኝ ጎን

ቁጥር፦ አልተቆጠረም
ቀን፦ ጉም የወረደ ዕለት
ጉዳዩ፦ ከተሰጣችሁ ወሰን አልፋችሁ ፊቴ ላይ ስለመስፈራችሁ

የተከበራችሁ የሸራዬ ጎኖች፣

ለጤናችሁ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። «ከናፍቆታችሁ በቀር» ብዬ እንዳልጽፍ፣ ለመናፈቅ ዕድሉን አልሰጣችሁኝም። ሌሊቱን ሙሉ ጉንጬ ላይ ተለጥፎ ያደረ እንዴት ይናፈቃል?

ሹመቱን የሰጠኋችሁ እኔ ነኝ። በድሮው የጦር ሰፈር ግራዝማች በግራ ይሰፍራል፣ ቀኛዝማች በቀኝ። ሥራቸው የጌታቸውን ጎን መጠበቅ ነው። ጠላት ከመጣ ወደ ውጭ ይዘምታሉ። እናንተ ግን ሹመቱን ተቀብላችሁ፣ ካባውን ደርባችሁ ስታበቁ የዘመታችሁት ወደ ውስጥ ነው። አንዱ ከግራ፣ አንዱ ከቀኝ። ጦራችሁ የሚገናኘው ደግሞ እኔ ሆድ ላይ ነው።

ይህ ማንም የሚያነበው ግልጽ ደብዳቤ ስለሆነ፣ ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ላስረዳ። በሁለት ዛፍ መሃል የሚንጠለጠል የጨርቅ አልጋ አለ፤ ሃሞክ ይሉታል። ከሃሞኩ በላይ ገመድ ይወጠራል። ገመዱ ላይ ሸራ ይጣላል። የሸራው ጠርዝ በግራና በቀኝ በሲባጎ ተስቦ ችካል ላይ ይታሰራል። አለቀ። ጣሪያውም ግድግዳውም ያው አንድ ጨርቅ ነው። ከሰዓት በኋላ ሲወጠር ቀጥ ብሎ ያምራል፤ ፎቶ ያስነሣል። ሲመሽ ቦርጭ ያወጣል። ሰው ቦርጭ ቢያወጣ ወደ ውጭ ነው፤ ያየው ሁሉ «ተመችቶሃል» ይለዋል። ወደ ውስጥ ቦርጭ የሚያወጣ ግን ከእናንተ በቀር አላየሁም።

እስቲ በሒሳብ እንተማመን። ሸራዬ 3 ሜትር በ3 ሜትር ነው። ገመዱ ላይ ለሁለት ሲታጠፍ ለእያንዳንዳችሁ 1.5 ሜትር ይደርሳችኋል። ገመዱን 1.80 ሜትር ከፍታ ላይ አሰርኩ። እናንተን በ45 ዲግሪ ዘረጋኋችሁ። ሃሞኩ ላይ ቁጭ ስል ትከሻዬ 1 ሜትር ከፍታ ላይ ይሆናል። እዚያ ላይ የቤቴ ስፋት 1.60 ሜትር መሆን አለበት። ጂኦሜትሪው ይኸው ነው፤ እኔ አላወጣሁትም። እናንተ ግን በየበኩላችሁ 25 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ትገባላችሁ። የቀረኝ 1.10 ነው።

ግማሽ ሜትር! አዲስ አበባ ላይ ግማሽ ሜትር የገፋ ጎረቤት በሽማግሌ ተጀምሮ በፍርድ ቤት ነው የሚያልቀው። ካርታ ይወጣል፣ መሐንዲስ ይመጣል፣ አጥር ይፈርሳል። እናንተ ካርታ የላችሁ፣ ግብር አትከፍሉ፣ ዝም ብላችሁ ትገፋላችሁ።

ይህ ሳያንስ አተኛኘቴን አጥንታችኋል። ሃሞክ ላይ ቀጥ ብሎ የተኛ ሰው ወገቡ ጎብጦ ያድራል፤ ጠዋት ለመነሣት ዘመድ ያስፈልገዋል። ጀርባ የሚዘረጋው ሰያፍ ሲተኙ ነው። ራስ ወደ አንዱ ጎን፣ እግር ወደ ሌላው። እንግዲህ ራሴ ወደ ግራዝማች፣ እግሬ ወደ ቀኛዝማች መሆኑ ነው። ሁለታችሁም አድፍጣችሁ የምትጠብቁኝ እዚያው ነው።

«ቦታ ቀይር» የምትሉኝ ከሆነ፣ ሰሜን ሸዋ ላይ ምርጫዬ ብዙ አይደለም። መንዝ ጓሳ ውበቱ ሌላ ነው። ጭላዳው አለ፤ ዕድል ከቀናም ቀይ ቀበሮ ይታያል። ግን ከ3,200 ሜትር በላይ ያለ የሣር አገር ነው። ሃሞክ ምን ላይ ይታሰራል? ቀና ብሎ የሚታየው ጅብራ ነው። ጅብራ ደግሞ መገተር እንጂ ሰው መሸከም አያውቅበትም። ስለዚህ ወፍ ዋሻ ጫካ ገባን። ዝግባው አለ፣ ጥዱ አለ፣ ኮሶው አለ። ልጡ እንዳይጎዳ በሰፊ ማሰሪያ ማሰር ብቻ ነው።

ችግሩ ጉሙ ነው። ታርማበርን በመኪና ያለፈ ሰው ያውቀዋል፤ በጠራራ ቀን መብራት ያስበራል። ይሄ ጉም ከደብረ ሲና በኩል ሽቅብ መጥቶ ጨርቁ ላይ ያርፋል። ከውስጥ የእኔ ትንፋሽ ይጨመርበታል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ውስጠኛው ፊታችሁ ጤዛ በጤዛ ሆኗል። ያን ጊዜ ነው ቀኛዝማች ቀስ ብሎ የሚጎነበሰውና ካልሲዬን የሚስመው። በዚያ ብርድ! ደብረ ብርሃን በብርድ ልብስ ስሙ የወጣው ለጌጥ መሰላችሁ?

ጣልያን በወረራው ዘመን እዚሁ ታርማበር ላይ ተራራውን በስቶ መንገድ አሳልፏል። ዋሻው ያን ሁሉ ድንጋይ ተሸክሞ እስከ ዛሬ ቦርጭ አላወጣም። እናንተ በአንድ ሌሊት ጤዛ ጎበጣችሁ።

ባናዬንም፣ የበግ ጠጉር ብርድ ልብሴን፣ አልማራችሁትም። ሃሞክ ላይ ብርዱ የሚመጣው ከሥር ነው። ባናውን ከጀርባ ሥር ማንጠፍ ብዙም አይረዳም፤ ሰው ሲተኛበት ይታመቅና አየር መያዙን ይተዋል። የሚያሞቀው ከሃሞኩ ውጭ፣ ከሥር ሲንጠለጠል ነው። እዚያ ሲንጠለጠል ደግሞ ሆዱ ወደ ጎን ሰፋ ይላል፤ ቦታ ይፈልጋል። እናንተ ተጠግታችሁ አረጠባችሁት። የረጠበ ባና መቼ እንደሚደርቅ መንዝ ያደገ ሰው ይጠየቅ። እስኪደርቅ ድረስ የሚሸተውን ሽታ ለማን ልንገር? በግ ከነነፍሱ አብሮኝ ያደረ ነው የሚመስለው።

መካሪ አልጠፋም። አንዱ «ትልቅ ሸራ ግዛ» ይላል። ትልቅ ሸራ ማለት ትልቅ ቦርጭ ነው፤ ሸክሙና ችካሉም አብሮ ይጨምራል። ሌላው «ጠርዙን ጠበቅ አድርገህ ሳበው» ይላል። እናንተ የምትላሉት ጠርዝ ላይ መቼ ሆነና! ጠርዙ የቱንም ያህል ቢሳብ ነፋስ የሚገፋው መሃላችሁን ነው። «ጠፍጠፍ አድርገህ ወደ ጎን ዘርጋው» ያለም ነበር። ከድጡ ወደ ማጡ። ዝናቡ በጎን ይገባል፤ የቀረው ደግሞ ጣሪያው ላይ ይቋጠራል።

ነገሩን የቆረጠው የጫካው ጥበቃ ነው። ማለዳ መጥቶ ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጥ አየ። እኔ በአንድ ክርኔ ግራዝማችን እየገፋሁ ጫማዬን ለማሰር እታገላለሁ።

«ጌታው፣ እንደምን አደሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ?»

«ደህና። ይሄ ቤት የተሠራው ለእርስዎ ነው ወይስ ለሸራው?»

ምን ይባላል? ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። በዱላው ጫፍ ቀኛዝማችን ነካ ነካ አደረገውና «ጎኑን ወደ ውጭ የሚይዝለት የለውማ። ቤት ማገር ይፈልጋል» አለኝ። ጫካው ውስጥ እንጨት አይቆረጥምና ከቤቱ ሁለት የባሕር ዛፍ አጠና ይዞ ተመለሰ።

ከዚህ በኋላ የተወሰደባችሁ እርምጃ ለመዝገብ እንዲሆን ይጻፍ። ደህና የተሰፋ ሸራ በጎኖቹ መሃል ማሰሪያ ቀለበት አለው። የእኔ መርካቶ ያሰፋሁት ናይለን ነው፤ ልብስ ሰፊው ረስቶታል። መብሳት ደግሞ አይሞከርም። የተበሳ ሸራ ያፈሳል፤ ነፋስ ሲመጣም ከዚያው ይተረተራል። ስለዚህ አንዲት ድቡልቡል ጠጠር ከውስጥ በኩል ቦርጫችሁ መሃል ላይ ተቀመጠች። ጨርቁ በዙሪያዋ ተሰበሰበ። ከውጭ በኩል አንገቷ ላይ ሲባጎ በሸምቀቆ ገባ። በተሳበ ቁጥር ይጠብቃል። ሹል ጠጠር ጨርቅ ስለሚበላ የወንዝ ጠጠር ተመረጠች። ግራዝማች አንድ ጠጠር፣ ቀኛዝማች አንድ ጠጠር። እኩል ነው፤ አድልዎ የለም።

ከዚያ አጠናው ቆመ፤ ከእናንተ አንድ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ። ሲባጎው ከቦርጫችሁ ተነሣ፣ በአጠናው ጫፍ ላይ አለፈ፣ መሬት ወርዶ ችካል ላይ ታሰረ። ቁም ነገሩ አጠናው ላይ ነው። ሲባጎው በቀጥታ መሬት ቢወርድ ጎኑን ወደ ታች ይጎትተዋል፤ ቦርጩ ቦታ ይቀይራል እንጂ አይጠፋም። በአጠናው ጫፍ ሲያልፍ ግን ወደ ውጭም ወደ ላይም ይስበዋል። ችካሉ አናቱን ከሸራው አርቆ ዘመም ብሎ ተመታ። አፈሩ ርጥብ ስለነበር ድንጋይ ተጫነበት።

ሲባጎውን ሳብኩት። ያን ጊዜ ሹመታችሁ ትዝ አላችሁ። ወደ ውጭ ዘመታችሁ።

1.60 ብቻ መሰላችሁ? አለፈ እንጂ! በሁለቱም ወገን ክርኔን ዘርግቼ ሹራብ አወለቅሁ። ቦርሳዬ ከሃሞኩ ሥር ወጥቶ ጎኔ ተቀመጠ። ባናው ከጨርቁ ራቀ። ጥበቃው እንደገና ጎንበስ ብሎ አየና «ቤት ለእንቦሳ!» አለ። «እንቦሳ እሰሩ!» አልኩት። ቡናው ከሸራው ጠርዝ ውጭ ተፈላ፤ ናይለን ከእሳት ጋር ዝምድና የለውም።

ጠባያችሁን ስለማውቅ በዚህ ብቻ አልተማመንኩም። ናይለን ሲረጥብ ይለጠጣል፤ ማታ ጥብቅ ያለው ሌሊት ይላላል። የቃጫ ገመድ በተቃራኒው ሲረጥብ ይሰበሰባል፤ እሱ ደግሞ ችካል ይነቅላል። ስለዚህ በየሲባጎው ላይ የካላማዳሪያ ቁራጭ አስገብቻለሁ። ስትላሉ እሱ ይስባችኋል፤ ስትወጠሩ ይለቅላችኋል። ከብስክሌት ጎማ የተረፈ ነገር ነው። እኔ ሌሊት ተነሥቼ ከማደርገው ጭቅጭቅ ይሻላል።

አጠና የሚያመጣለት ሰው ያጣ፣ ሁለት ቀጫጭን ቀርከሃ ከገመዱ ሥር አጉብጦ ጫፋቸውን በእናንተ መሃል መሃል ማስደገፍ ይችላል። ከውስጥ ገፍተው ይይዟችኋል። ውጭ ገመድ ስለሌለም በጨለማ ሽንት የወጣ እንግዳ አይደናቀፍም። እኔ ግን አጠናውን እመርጣለሁ። ስትጎተቱ ማየት ደስ ይለኛላ።

ውለታችሁን አልክድም። ወጀብ ሲመጣ ሕጉ ሌላ ነው። ተስቦ የሰፋ ጎን ነፋስ ይይዛል። ስለዚህ አጠናው ይነሣል፣ ሲባጎው ይፈታል፣ ጠርዛችሁ ወደ መሬት ይወርዳል። ያን ሌሊት ብትጠጉኝ ቃል አይወጣኝም። እንዲያውም ጠጋ በሉ። ነገር ግን ነፋሱ ጋብ ባለ በማግስቱም እዚያው ፊቴ ላይ ተኝታችሁ ባገኛችሁ፣ ያ ጥበቃ ሳይሆን ወረራ ነው።

በመሆኑም ከዛሬ ጀምሮ ወሰናችሁ ከሃሞኩ መሃል በየበኩሉ 80 ሴንቲ ሜትር እንዲሆን ተወስኗል። የሚያልፍ ጎን ሹመቱ ተገፎ የማገዶ ማልበሻ ይሆናል። ቅር የተሰኘ ይግባኝ ማለት ይችላል። ይግባኙን የማየው እኔ ነኝ፤ ተኝቼ፣ ሰያፍ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለችካሎች በሙሉ፤ ያለ ፈቃድ መነቀል ክልክል መሆኑን እንድታውቁት።
ለታርማበር ነፋስ፤ ለመረጃ ያህል።
ለጫካው ጥበቃ፤ አጠናዎቹን እሑድ አመጣለሁ። አንዱ ትንሽ ተሰንጥቋል።