ግድግዳው ይተኛል እንዴ?

አሁን ከስፖንጅ ሱቅ መመለሴ ነው። ደሜ እንደፈላ ነው የምጽፈው።

ሙዚቃ የማዳምጥባትን ክፍሌን ታውቋታላችሁ፣ አራት ሜትር በአራት። ያ ባለሙያ ነኝ ባይ ግድግዳውን በሙሉ በስስ ስፖንጅ ለበጠና «ስቱዲዮ አደረግሁልህ» ብሎ ብሩን ቆጥሮ ሄደ። ይኸው አሁን የማሲንቆው ጭረት የለም፣ ጸናጽሉ የለም፣ ዘፋኙ አፉን በጋቢ ሸፍኖ የሚዘፍን ይመስላል። ቤዙ፣ ወፍራሙ ድምፅ ግን አለላችሁ! ቤዙማ ቤቱን ወርሶታል። ስስ ስፖንጅ የሚውጠው ቀጭን ድምፅ ነዋ! የ100 ኸርዝ ድምፅ፣ በሰከንድ መቶ ጊዜ የሚርገበገበው ማለቴ ነው፣ አንድ ሞገዱ 3 ሜትር ከ40 ገደማ ነው። ጣት የማታህል ስፖንጅ ምን ታደርገዋለች? ክፍሉ ደግሞ ወርዱም ርዝመቱም እኩል ስለሆነ፣ 43 ኸርዝ አካባቢ ያለችው ድምፅ በግድግዳዎቹ መሃል እየነጠረች ከሁለቱም በኩል ትደራረባለች። ቤዝ ጊታሩ እሷን በነካ ቁጥር መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። አከራዬ «ወፍጮ ተከልክ እንዴ?» ይሉኛል።

ስለዚህ ግማሹን ስፖንጅ ልገነጥል፣ ቤዙ የሚከማችበትን ጥግ ጥጉን በወፍራም ልሞላ ወጣሁ።

«ወፍራም ስፖንጅ ፈልጌ ነበር።»
«የስንት ሜትር አልጋ ነው?»
«ለአልጋ አይደለም፣ ለግድግዳ ነው።»
አየኝ። ረጋ ብሎ አየኝ።
«ግድግዳው ይተኛል እንዴ?»

ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። ተሸካሚው ሳይቀር! አንዲት እናት ብቻ አዘኑልኝ፦ «ተዉት ልጁን፣ የደብረ ብርሃን ብርድ እኮ ግድግዳም አይምርም።» እሳቸው መከላከላቸው ነው እንግዲህ። ዋጋውን ስሰማ ደግሞ ሳቁ ተሻለኝ።

የሚገርመው የምንኖረው በሱፍ አገር ነው። ወፍራም ሱፍ ድምፅ በደንብ ይውጣል። የመንዙን ባና አጣጥፌ ጥግ ላይ ላቁም ብል እናቴ ምን አለች? «እንግዳ የሚለብሰውን? ለሬዲዮ?» ሬዲዮ! ስፒከሮቼን ሬዲዮ! በቀደም ደግሞ ሁሉን አስተካክዬ ቁጭ ስል መብራት ሄደ። መብራቱ ሲመጣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድብ ጀመር። ለዚያስ ምን ስፖንጅ አለው? ተዉኝ።

ለማንኛውም ቅዳሜ መስታወት የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ። እኔ ወንበሬ ላይ እቀመጣለሁ፣ እሱ መስታወቱን በጎን ግድግዳው ላይ ያንሸራትታል፣ ስፒከሩ በመስታወቱ የታየኝ ቦታ ላይ ስፖንጁ ይቀራል፤ ድምፁ ነጥሮ ወደ ጆሮዬ የሚመጣው ከዚያ ነዋ! በቃ ይኸው ነው ሥራው። ባለፈው የመጣው ጓደኛችን መስታወቱን ይዞ ጸጉሩን ሲያበጥር ዋለ። ቡና አለ። ብሉቱዝ ስፒከሩን ይዞ «ይሄ አይሻልም?» የሚለኝ ግን ደጄን እንዳይረግጥ!