ማስተካከያ፦ የማስፈልፈያው እርጥበት 21ዱንም ቀን አንድ ዓይነት አይሆንም

በቤት ውስጥ የዶሮ እንቁላል በማሽን ስለማስፈልፈል ቀደም ሲል በወጣው ጽሑፍ፣ እርጥበቱ ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው 70 በመቶ ይሁን ተብሏል። ይህ ስህተት ነው፤ እባካችሁ እንደዚያ አታድርጉ።

ትክክለኛው ይሄ ነው። እስከ 18ኛው ቀን ከ45 እስከ 55 በመቶ። ከዚያ እንቁላሎቹን ማገላበጡን አቁማችሁ፣ እስኪፈለፈሉ ድረስ ከ65 እስከ 70 በመቶ።

ለምን መሰላችሁ? እንቁላሉ በ18 ቀን ውስጥ ከክብደቱ 12 በመቶ ገደማ ውሃ ማጣት አለበት። ውሃው ሲቀንስ ሰፊው ጫፍ ላይ ያለው የአየር ክፍል ይሰፋል። በጨለማ ባትሪ ብታበሩበት ይታያችኋል። ጫጩቷ ቅርፊቱን ከመስበሯ በፊት የመጀመሪያ ትንፋሿን የምትስበው ከዚያ ነው። እርጥበት ከበዛ ክፍሉ ጠባብ ሆኖ ይቀራል፤ ሙሉ አካል ያወጣች ጫጩት እዚያው ታፍና ትሞታለች። በጣም ያሳዝናል።

ደብረ ብርሃንና አካባቢው ላላችሁ ደግሞ፦ ከፍታው 2,800 ሜትር ገደማ ነው። ቀዝቃዛው አየር ማሽኑ ውስጥ ገብቶ 37.5 ዲግሪ ሲሞቅ ክፉኛ ይደርቃል። በከፍታ ላይ እንቁላሉም ውሃ ቶሎ ያጣል። ስለዚህ ማሽኑ ውስጥ ውሃ ማስቀመጡን ጨርሶ አትተዉት። ቆላው ሸዋ ሮቢት ያለ ሰው ግን በክረምት ያነሰ ውሃ ሊበቃው ይችላል። የእርጥበት መለኪያውን እዩ እንጂ የሌላ ሰው ልክ አትውሰዱ።

እርጥበት ለመጨመር ሰፋ ያለ ሳህን ተጠቀሙ፤ የሚተነው ከላይ ነው፣ ጥልቀቱ ለውጥ አያመጣም። በመጨረሻዎቹ 3 ቀናት ክዳኑን አትክፈቱ። ከተከፈተ እርጥበቱ ይወርድና የውስጡ ስስ ሽፋን ጫጩቷ ላይ ይደርቅባታል።