«ይጣል» የተባለው ዛፍ

ባለፈው ጥቅምት እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ እኛ ዘንድ፣ ሚኒሶታ ሴንት ፖል ሰንብታ ነበር። አንድ ቀን ሃኒክሪስፕ የሚባለውን አፕል ቆርጬ ሰጠኋት። ገና ስትነክሰው ጭማቂው አገጯ ላይ ወረደ። «ይሄ አፕል ነው ሸንኮራ?» አለችኝ።

አፕሉ የዚሁ ግዛት ተወላጅ ነው፤ የወጣው ከሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የምርምር እርሻ ነው። ስሙ በተነሳ ቁጥር ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ዴቪድ ቤድፎርድ አብሮ ይነሳል። የሃኒክሪስፕ አባት የሚሉትም አሉ። ሰውዬው ይከበር፣ ይገባዋል። እኔን የሚያከራክረኝ «በየትኛው ሥራው?» የሚለው ነው።

አስቀድሜ ግን አንድ የቋንቋ ጣጣ ላንሳ። እኛ አገር «የተዳቀለ የአቮካዶ ችግኝ» ሲባል፣ ከታወቀ ዛፍ የተቆረጠ ቀንበጥ ሌላ ችግኝ ላይ ተጣብቆ በፕላስቲክ የታሰረ ማለት ነው። እጁን ያፍታታ ሰው በአንድ ቀን ብዙ ያስራል፤ የሚገኘው ፍሬም ያው ቀንበጡ የመጣበት ዛፍ ፍሬ ነው። አዲስ ዝርያ ማውጣትንም «ማዳቀል» ስለምንለው፣ ብዙ ሰው ሁለቱ አንድ ይመስሉታል። የቤድፎርድ ሙያ ሌላ ነው። በግንቦት አበባው ሊፈነዳ ሲል የወንዴውን ክሮች ነቅሎ ማውጣት፣ ከሌላ ዛፍ የመጣ ብናኝ ሴቴው ላይ መቀባት፣ ፍሬው ሲደርስ ዘሩን አውጥቶ ለወራት እርጥብ ብርድ ውስጥ ማቆየት፣ ከዚያ መዝራት። ከተዘራ በኋላ ደግሞ አራት አምስት ዓመት መጠበቅ ነው። የአንድ እናት ልጆች እንደማይመሳሰሉ ሁሉ ከአንድ ፍሬ የወጡ ዘሮችም አይመሳሰሉም፤ አብዛኞቹ ምንም የማይረቡ ናቸው። ከ10 ሺህ ችግኝ ስም የሚወጣለት አንድ ቢገኝ ነው። ቤድፎርድ በምርት ወቅት በረድፉ መሃል እየሄደ በቀን እስከ 500 አፕል ይቀምሳል። ያኝካል፣ ይተፋል፣ ይመዘግባል። ሆድ አይችለዋማ!

ሃኒክሪስፕን ያዳቀለው ግን እሱ አይደለም። ማዳቀሉ የተካሄደው በፈረንጆች 1960 ነው፤ ቤድፎርድ ዩኒቨርሲቲው የገባው በ1979። ሲደርስ የመጀመሪያው ዛፍ በክረምት ተጎድቶ «ይጣል» ከተባለ ሁለት ዓመት አልፎታል። የቀሩት ከሱ የተባዙ አራት ለጋ ዛፎች ብቻ ነበሩ። የሚኒሶታ ብርድ እንደሚገድል የማያውቅ የለም፤ እሱ ግን ዛፉ የቆመበት ቦታ ራሱ ክፉ እንደነበር አስተዋለ። ፍርዱን ሽሮ አራቱ ለጋ ዛፎች እስኪያፈሩ ጠበቀ። ሲቀምሳቸው፣ እናቴን ያስገረመው ነገር ነው የገጠመው፦ ትልልቆቹ ሕዋሶች ጥርስ ሲያርፍባቸው ይፈነዳሉ። ዝርያው በ1991 ለአምራቾች ተለቀቀ፤ ከተዳቀለ በ31 ዓመቱ መሆኑ ነው። የባለቤትነት መብቱ በ2008 እስኪያበቃ ዩኒቨርሲቲው ከ10 ሚሊዮን ዶላር በላይ አግኝቶበታል።

እኔ የማከብርለት ያንን ሽረት ነው። አዲስ ገቢ ነበር፤ የቀደሙትን መዝገብ ዘግቶ የራሱን መጀመር ይችል ነበር። እኛ አገር አዲስ ኃላፊ ቢሮ በገባ ማግስት ምን እንደሚደረግ ለአንባቢ አልነግርም።

ከመልካሳ ምርምር ማዕከል ወደ ገበሬው የደረሱት እነ ሀስ፣ ፉየርቴና ኢቲንገር የተባሉት አቮካዶዎች ሌላ አገር ተገኝተው እኛ ዘንድ የተፈተሹ ናቸው። መፈተሹም ቀላል ሥራ አይደለም። የራሳችንን ዝርያ እናውጣ ካልን ግን በሦስት ዓመት ፕሮጀክት የማይታሰብ ነው፤ ዛፉ የመጀመሪያ ፍሬውን ሳያሳይ በጀቱ ይዘጋል። ለአንድ አዳቃይ ከሽልማት ይልቅ የሚጠቅመው፣ ጡረታ ሲወጣ ረድፎቹን የሚረከብ ሰው አስቀድሞ መቀጠሩ ይመስለኛል።

የሃኒክሪስፕ ወላጆችም ጉዳይ አለ። መዝገቡ ማኩንና ሃኒጎልድ የተባሉት ዝርያዎች ናቸው ይል ነበር፤ የዘረመል ምርመራ ሁለቱንም ውድቅ አደረጋቸው። አንዱ ወላጅ ኪፕሴክ የተባለው የዚያው ዩኒቨርሲቲ አፕል ሆኖ ተገኘ። ሌላው በ2017 ሲታወቅ፣ ለገበያ ያልበቃ፣ ስም እንኳ ያልወጣለት፣ ኤምኤን 1627 የሚል ቁጥር ብቻ ያለው ዛፍ ነው። አንድ ቀን ለቤድፎርድ የመታሰቢያ ሰሌዳ ሲተከል አስተያየት ብጠየቅ፣ ከስሙ ሥር ያንን ቁጥር አስጽፍ ነበር።