እግር አጣቢዎቹም አገልጋዮች ናቸው

«አገልግሎት የካህናትና የሰባክያን ብቻ አይደለም» የሚለው ስለ ቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ያነበብሁት ጽሑፍ ሐሳብ ልቤን ነክቶታል። ለገና ላሊበላ የወጣ ሰው ያውቀዋል፤ ከሩቅ በእግሩ የመጣውን እንግዳ እግር የሚያጥቡት ክህነት የሌላቸው የአገሬው ሰዎች ጭምር ናቸው። ቅዱስ ጳውሎስም በሮሜ 12 ማስተማርን ከመስጠትና ምሕረት ከማድረግ ጋር አብሮ ነው የዘረዘረው።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ግን ደሴ በሰፈራችን የታመመ ሳትጠይቅ ያለፈችው ሰንበት ትዝ አይለኝም፤ ለሐዘንተኛ ቤት እንጀራ ጋግራ ተሸክማ ስትሄድ ነው ያደግሁት። አንድም ቀን «አገልጋይ» ብሎ የጠራት የለም፣ ይሄ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

አባቶቼ፣ እባካችሁ ምእመኑን በስሙ ጠርታችሁ ሥራ ስጡት። ሒሳብ የሚችለው ሒሳቡን ይያዝ፣ አናጺው የሰንበት ተማሪዎቹን አግዳሚ ይጠግን፣ ተማሪዋም ለትንንሾቹ ታስጠና። ብዙ ሰው ዳር የቆመው ሰንፎ ሳይሆን የሚጠራው አጥቶ ነው።