አንቀጿ ትኑርልን

ሰው ውለታ ቢስ ነው። ስለ መንገድ ያወራል፣ ስለ ግድብ ያወራል። ያቺን በየበጀት ሰነዱ መጨረሻ ኩርምት ብላ የምትቀመጥ አንቀጽ ግን ማንም አንድ ቀን አመስግኗት አያውቅም። እኔ ከጅማ ሆኜ ዛሬ ላመሰግናት ነው። ታውቋታላችሁ፤ «በዕቅዱ አፈጻጸም ሂደት ሴቶችን ተጠቃሚ ለማድረግ ልዩ ትኩረት ይሰጣል» የምትለዋ ናት።

እሷ ባትኖር ጉዳችን ነበር። ሕግ እንደሆነ አይመችም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች የአገሪቱ የልማት ፖሊሲ ሲወጣና ፕሮጀክት ሲታቀድ ሐሳባቸውን በተሟላ ሁኔታ የመስጠት መብት አላቸው አለ። በ2008 ደግሞ የፌዴራል መንግሥት የፋይናንስ አስተዳደር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 970 መጣና በጀት ሲዘጋጅ የሥርዓተ ፆታ ጉዳይ ይካተት ብሎ ቁጭ። ይሄን የምር የወሰደ ሰው መከራውን ነው የሚያየው። ማን ውሃ ይቀዳል፣ ጤና ጣቢያ ወረፋ ይዞ የሚውለው ማን ነው፣ ይሄ ብር መጨረሻ ላይ ማን እጅ ይገባል እያለ ሲጠይቅ ሐምሌ 1 ይደርስበታል። አንቀጿ ግን በሁለት መስመር ገላገለችን። አውስትራሊያውያን እንደ ፈረንጆቹ በ1984 የያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ወጪ ለሴቶች ምን እንደሚፈይድ እየመረመሩ ሰነድ ማውጣት ጀመሩ። ሥራ ፈት መሆን አለባቸው።

ደግሞ ትህትናዋ! ኮፒ ሲያደርጓት አትቆጣም፣ ፔስት ሲያደርጓት አትጠይቅም። አንድ መሥሪያ ቤት (ስሙ ይቆየን) ያዘጋጀውን የመንገድ ጥገና ዕቅድ አይቼ ነበር። እሷ መጨረሻው ላይ ተሰይማ «የእናቶችን የክትትል አገልግሎት በማጠናከር» ትላለች። ከጤና ዕቅድ ስትሰደድ ሻንጣዋን ሳታራግፍ መምጣቷ ነው። ማንም አላያትም፤ ጸደቀች።

በነገራችን ላይ የፌዴራሉ በጀት ሌላ፣ የከተማው ሌላ ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። አንቀጿ ግን ወሰን አታውቅም፣ እስከ ቀበሌ ትወርዳለች።

ብር እንኳ ስትይዝ አያያዟ ያምራል። የካቲት 29፣ የሴቶች ቀን ሲደርስ ለሥልጠና አዳራሽ ይያዛል፣ ባነር ይሰቀላል፣ የታሸገ ውሃ ይደረደራል። ባለፈው አንዱ ጋ ስገባ መድረኩ ላይ አራት ወንዶች ተቀምጠው ስለ ሴቶች ተሳትፎ ያብራራሉ። የስም መመዝገቢያው ወረቀት ሲዞር የሴቶቹ ቁጥር አነሰ። አስተባባሪው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? በር ላይ ቡና የምታፈላውን ልጅና ሁለቱን የጽዳት ሠራተኞች ጠርቶ አስፈረማቸው። ፈርመው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። አበል ላይ ሲደረስ ግን ሠልጣኝ አይደሉም ተባለ። ሪፖርቱ ላይ አሁንም ሠልጣኝ ናቸው፤ «ወንድ፣ ሴት፣ ድምር» የሚለው ሠንጠረዥ በእነሱ ነው የሞላው።

አንዳንድ ነገረኛ ታዲያ ሐሙስ ሐሙስ የጅማ መርካቶ ሂዱ ይላል። ሄድኩ። ከገጠር ጎመንና ቅቤ ይዛ የመጣች እናት ዝናቡ ላይዋ ላይ እየወረደ ሸራ ላይ ተቀምጣለች። ከጠዋት ጀምሮ ውሃ አልቀመሰችም። ለምን ስላት ሳቀችብኝ። «ጠጥቼ የት ልሂድ ልጄ?» አለች። መጸዳጃ ቤት የለማ! ይሄን እንግዲህ ባለሙያዎቹ ከፈለጉ የውሃ ቁጠባ ብለው ያስመዝግቡት። ማታ ደግሞ ከአዌቱ ወንዝ ማዶ ወደ ቤቷ የምትመለስ ተማሪ መብራት በሌለበት መንገድ ስልኳን እያበራች እግሬ አውጪኝ ትላለች። ባትሪ የራሷ፣ ልዩ ትኩረቱ የመንግሥት። ከዚህ በላይ የወጪ መጋራት አለ እንዴ?

መጸዳጃ ቤትና የመንገድ መብራትማ የሥርዓተ ፆታ ጉዳይ አይደለም፣ የመሠረተ ልማት ነው፤ በሌላ የሂሳብ መደብ ነው የሚታየው። እዚያም ስትሄዱ አንቀጿን ታገኟታላችሁ፣ ልዩ ትኩረት ስትሰጥ።

የእሷን ቻይነት በደንብ የምታዩት ግን ሰኔ ላይ ነው። በጀት ሊዘጋ ሲል ነዳጅ ያልቃል፣ ጎማ ያልቃል፣ ሁሉም ያልቃል። ያኔ ለሴቶች ተብሎ የተያዘችው ትንሽ ብር ትዝ ትላቸዋለች። የዝውውር ደብዳቤ ይጻፋል። ምክንያት መጻፍ ግድ ነውና «ተሽከርካሪው ሴት ሠራተኞችንም ስለሚያመላልስ» ይባላል። ኃላፊው ይፈርማል፣ የፋይናንሱ ሰውዬ ይፈርማል፣ ማኅተም ይመታል። ከታች ደግሞ፦ «ግልባጭ፦ ለሴቶች ጉዳይ፣ ለመረጃ ያህል»።