ስትሪንግ ይበቃል? ለማን?

ብዙዎቻችን የምንጠቀምበት አንድ የኦፕን ሶርስ ላይብረሪ በሚቀጥለው ትልቅ ቨርዥኑ የፋይል ይዘት ዓይነትን (ምስል ነው፣ ጽሑፍ ነው የሚለውን) የሚወክለውን ክላስ ሊያስወግድ ነው። በቦታው የሚመጣው ተራ ስትሪንግ፣ ማለትም የፊደላት ተርታ ብቻ ነው። ፋይል ትሰጡታላችሁ፣ «ኢሜጅ/ፒኤንጂ» የሚል ጽሑፍ ይመልስላችኋል፤ የቀረውን እናንተው ተወጡት። ውሳኔውን ያሳለፉት ሰዎች ምክንያታቸው አጭር ነው። የይዘት ዓይነት ድሮም ጽሑፍ ነው፣ በኔትወርክ የሚጓዘውም ጽሑፍ ሆኖ ነው፣ ክላሱ ኮዱን ከማብዛት በቀር የፈየደው ነገር የለም ባይ ናቸው። እናቅልለው ነው ነገሩ።

የቀለለው ለእነሱ ነው። ሸክሙ የትም አልሄደም፤ ወደ እኛ ዞረ እንጂ።

በኔትወርክ ጽሑፍ ሆኖ ይጓዛል የምትለዋን ክርክር ሳነብ እውነት ለመናገር ሳቄ መጣ። ጽሑፍ ሆኖ የማይጓዝ ምን አለ? ቀን ጽሑፍ ሆኖ ይጓዛል። ዩአርኤል ጽሑፍ ሆኖ ይጓዛል። ዳታ በጽሑፍ መልክ በሚጻፍበት በጄሰን ውስጥ ቁጥሩም ጽሑፍ ነው። በዚህ ስሌት ቀኖችን ሁሉ በስትሪንግ ይዘን፣ የትኛው ከየትኛው እንደሚቀድም ለማወቅ ፊደል ስንቆራርጥ መዋል ነበረብን። ይሄው ላይብረሪ እኮ ፋይሉ መቼ እንደተሻሻለ ስትጠይቁት ስትሪንግ አይመልስም። ወግ ባለው የጊዜ ክላስ ነው የሚመልሰው። እሱን ለምን አላቀለሉትም? ቀን ሲምታታ ምን እንደሚመጣ ስለሚያውቁ ነዋ። የይዘት ዓይነት ሲምታታ የሚመጣው ግን የሚደርሰው ተጠቃሚው ጋ ስለሆነ አይታያቸውም።

የእኔ ጉዳይ እኩልነት ነው። ሁለት የይዘት ዓይነቶች አንድ ናቸው ወይስ አይደሉም? ፋይል የሚቀበል፣ የሚልክ ወይም የሚያስቀምጥ ፕሮግራም ሁሉ ይቺን ጥያቄ ይጠይቃል። ስትሪንግ ለዚህ ጥያቄ መልስ የለውም። ያለው መልስ የሚመስል ነገር ነው፤ እሱ ደግሞ ከነጭራሹ መልስ ከማጣት ይብሳል።

የይዘት ዓይነቶች የመጡበት፣ ማይም የምንለው ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1992 በአርኤፍሲ 1341 (አርኤፍሲ የኢንተርኔት ደንቦች የሚወጡበት ባለ ቁጥር ሰነድ ነው) ሲወጣ ለኢሜይል ተብሎ ነበር። ጸሐፊዎቹ ናትናኤል ቦረንስታይንና ኔድ ፍሪድ ናቸው። በ1996 የወጣው አርኤፍሲ 2045 ደንቡን ቁጭ አድርጎታል። የዓይነቱና የንዑስ ዓይነቱ ስም በካፒታል ተጻፈ በስሞል ልዩነት የለውም። ከዓይነቱ ቀጥሎ፣ ከሴሚኮለን በኋላ የሚመጣው ተጨማሪ መረጃ ፓራሜትር ይባላል፤ የፓራሜትሩ ስምም እንደዚያው። የፓራሜትሩ ዋጋ ግን እንደ ፓራሜትሩ ነው፤ አንዱ ካፒታሉን ከስሞሉ ይለያል፣ ሌላው አይለይም። ዋጋው በጥቅስ ምልክት ውስጥ ቢገባም ባይገባም ትርጉሙ ያው ነው። የፓራሜትሮቹ ቅደም ተከተልም ለውጥ አያመጣም።

እስቲ ይህን ሁሉ በእኩል ይሆናል ምልክት አወዳድሩልኝ። አንድ ሰርቨር ኤችቲኤምኤል ገጽ ይልክና ቻርሴቱ፣ ማለትም ፊደሎቹ በባይት የተጻፉበት ዘዴ፣ ዩቲኤፍ-8 ነው ይላል። ሌላው ያንኑ ይላል፣ ግን ዩቲኤፍን በካፒታል ይጽፈዋል። ሦስተኛው በጥቅስ ውስጥ ያስገባዋል። አራተኛው ከሴሚኮለኑ ቀጥሎ ክፍት ቦታ አይተውም። አራቱም ትክክል ናቸው፤ አራቱም ያሉት አንድ ነገር ነው። ስትሪንጉ ግን አራቱንም ባዳ ለባዳ ያደርጋቸዋል።

ይህ ሲነሳ የተሰጠው መልስ ነው ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ። ታዲያ ሁለቱንም ወደ ስሞል ቀይሮ ማወዳደር ነው፣ አንድ መስመር ኮድ ነው ተባለ። አንድ መስመር! ይህን ያለ ሰው የላይብረሪው ባለቤት ነው፣ በየቀኑ ይህን ነገር የሚነካ ሰው ነው። እንግዲህ አንድ መስመሩ ምን እንደሚያደርግ እንይ።

ከፎርም ላይ ፋይል ሲላክ የይዘት ዓይነቱ «መልቲፓርት/ፎርም-ዳታ» ይሆንና ባውንደሪ የሚባል ፓራሜትር ይከተለዋል። ባውንደሪው ክፍሎቹን አንዱን ከሌላው የሚለይ መስመር ነው። ሰርቨሩ የመጣውን ዳታ የሚቆርጠው ይህንኑ መስመር እየፈለገ ነው። ፊደሉ እንዳለ መገኘት አለበት፤ ካፒታሉ ካፒታል፣ ስሞሉ ስሞል። ክሮም የሚያወጣው ባውንደሪ ዌብኪት ፎርም ባውንደሪ የሚል ጽሑፍ ይዞ ይጀምርና ካፒታልና ስሞል የተቀላቀለበት የዘፈቀደ ጭራ ያስከትላል። አሁን ያቺን አንድ መስመር ጣሉበት። ሁሉም ስሞል ሆነ። ሰርቨሩ መለያውን ፈለገ፣ አጣው። ፋይሉ ሙሉ በሙሉ ደርሷል፣ ፕሮግራሙ ግን ምንም አልመጣም ይላል።

የባሰው ገና ነው። በፓይተን በብዛት የሚሠራበት ዩአርኤልሊብ3 የሚባል ላይብረሪ የሚፈጥረው ባውንደሪ ከአሃዞችና ከስሞል ፊደላት ብቻ የተሠራ ነው። ስለዚህ ቴስታችሁን በፓይተን ከጻፋችሁ ሁሉም ነገር አረንጓዴ ሆኖ ያልፋል። ኮዱ ይለቀቃል። ከዚያ በክሮም የሚመጣው ሰው ሁሉ ፋይል አልገባ ይለዋል። ይህን ባግ የሚያሳድደው ማን ነው? ላይብረሪውን ያቀለሉት ሰዎች አይደሉም።

እሺ፣ ሴሚኮለኑ ላይ ቆርጬ የፊቱን ብቻ ስሞል አደርጋለሁ ትሉ ይሆናል። ጥሩ፣ ፓርሰር፣ ማለትም ጽሑፍን በደንቡ ከፋፍሎ የሚያነብ ኮድ፣ መጻፍ ጀመራችሁ ማለት ነው። አሁን ፓራሜትሮቹን ለማንበብ ቀሪውንም በሴሚኮለን ትቆራርጣላችሁ። በጥቅስ ውስጥ ያለ ዋጋ ራሱ ሴሚኮለን ሊይዝ እንደሚችል የምታውቁት የሆነ ሰው የፋይል ስም ለሁለት ተሰንጥቆ ሲገኝ ነው። በእኩል ይሆናል ምልክት ደግሞ ትከፍሉታላችሁ። ባውንደሪ በጥቅስ ውስጥ እስከሆነ ድረስ ያንን ምልክት መያዝ ይችላል። እንዲህ እያለ ይቀጥላል። በመጨረሻ ያ የተጠላው ክላስ በየፕሮጀክቱ እንደገና ይወለዳል። በግማሽ ተሠርቶ፣ ያለ ቴስት፣ ዩቲልስ በሚባል ፎልደር ውስጥ።

ከዚህ ቀጥሎ ዝምድና ይመጣል። እኩል ነው አይደለም ብቻ አይደለም ጥያቄው፤ የዚያ ቤተሰብ ነው ወይ ብለን እንጠይቃለን። ስህተት ሲፈጠር የድር አገልግሎቶች የሚልኩት «አፕሊኬሽን/ፕሮብለም+ጄሰን» የሚባል ዓይነት አለ። በ2016 በአርኤፍሲ 7807 ወጣ፣ በ2023 በአርኤፍሲ 9457 ተተካ። ከመደመር ምልክቱ በኋላ ያለው ጭራ ይዘቱ ጄሰን መሆኑን ይናገራል። ስትሪንግ ይዞ የተቀመጠ ሰው ግን «አፕሊኬሽን/ጄሰን» ጋር ያወዳድርና አይደለም ብሎ ይጥለዋል። ምን ጣለ? ስህተቱ ምን እንደሆነ የሚያስረዳውን ብቸኛ መልእክት። ተጠቃሚው የሚያየው «ያልታወቀ ስህተት» የምትል ገጽ ነው።

ብልጡ ፕሮግራመር ታዲያ ምን ያደርጋል? ጽሑፉ ውስጥ ጄሰን የሚል ቃል ካለ በቂ ነው ይላል። ያ ደግሞ «አፕሊኬሽን/ጄሰን-ሴክ»ን ያስገባለታል። ይህ በአርኤፍሲ 7464 የተደነገገ የብዙ ጄሰኖች ሰልፍ ነው፤ እያንዳንዱ ከመለያ ቁምፊ በኋላ ይጀምራል። ተራ የጄሰን ፓርሰር የመጀመሪያዋ ባይት ላይ ይፈነገላል። እሺ በጄሰን የሚያልቅ ይሁን ቢል፣ ቻርሴት ጭራው ላይ የለጠፈ ሰርቨር ይመጣና ያበላሽበታል። እያንዳንዱ ማስተካከያ አዲስ ቀዳዳ ነው።

ምስል መቀበልም ያው ነው። በ«ኢሜጅ/» የሚጀምር ሁሉ ይግባ የሚል ኮድ ያላየ ሰው ካለ እድለኛ ነው። «ኢሜጅ/ኤስቪጂ+ኤክስኤምኤል»ም በዚያው ይጀምራል። ኤስቪጂ ስክሪፕት የመያዝ አቅም አለው። ከራሳችሁ ዶሜይን ወጥቶ በብሮውዘር በቀጥታ ሲከፈት ያ ስክሪፕት ይሠራል። የመገለጫ ፎቶ ብላችሁ የተቀበላችሁት ፋይል የሌላውን ሰው አካውንት ይዘርፋል። ወግ ያለው ክላስ ቢኖር ኖሮ ይህ ዓይነት ከመደመር ምልክቱ ቀጥሎ ኤክስኤምኤል መሆኑን በአንድ ጥያቄ ይነግራችሁ ነበር። ስትሪንግ መጀመሪያው ይመሳሰላል ብሎ ያሳልፈዋል።

ሌላው ወገን ኢነም፣ ማለትም አስቀድሞ የተዘጋ ዝርዝር፣ ይሁን ይላል። ለእነሱ ብዙ ጊዜ አላጠፋም። የይዘት ዓይነቶች ዝርዝር ክፍት ነው፤ አያና (IANA) በሚባለው የኢንተርኔት መዝጋቢ ድርጅት ዘንድ በየጊዜው አዲስ ይመዘገባል። ለፊደል ቅርጾች የሚሆነው «ፎንት» የሚባል ዋና ዓይነት እንኳ የመጣው በ2017 ነው። የነበረውም ይገለባበጣል። በ2006 የወጣው አርኤፍሲ 4329 ለጃቫስክሪፕት «አፕሊኬሽን/ጃቫስክሪፕት»ን ተጠቀሙ፣ «ቴክስት/ጃቫስክሪፕት» አርጅቷል አለ። በ2022 አርኤፍሲ 9239 መጥቶ ነገሩን ገልብጦ የ«ቴክስት»ን ወንበር መለሰ። ይህን በኢነም የቸነከረ ሰው ይድከም።

መንገዱ ደግሞ አዲስ አይደለም። በጃቫ ዓለም ስፕሪንግም ጉዋቫም የየራሳቸው ሚዲያታይፕ ክላስ አላቸው። ዶትኔት ኮንቴንትታይፕ የሚባል ክላስ አለው። ስትሪንግ የምትወደው ጎ የተባለችው ቋንቋ እንኳ ፓርስ ማድረጊያውን በራሷ ላይብረሪ ውስጥ ሰጥታለች፤ የዓይነቱን ስም ስሞል ታደርግና የፓራሜትሮቹን ዋጋ ሳትነካ ትመልሳለች። አፕል ከሁሉም ርቆ ሄዷል። በ2020 ዩቲታይፕን ሲያመጣ ከስትሪንግ ወደ እውነተኛ ዓይነት ነው የተሻገረው። ጄፔግ የምስል ዘር ነው ወይ ብላችሁ ትጠይቁታላችሁ፣ ነው ይላችኋል። የእኛዎቹ ተቃራኒውን አቅጣጫ ይዘው እድገት ነው ይሉናል።

ክላሱ ሜሞሪ ይበላል የሚለውን ቅሬታ እንለፈው። አንድ ፕሮግራም በዕድሜው የሚያገኛቸው የተለያዩ ዓይነቶች ጥቂት ናቸው። አንዴ ፓርስ አድርጎ ማስቀመጥ ነው።

አሮጌው ክላስ ግን ቆንጆ ነበር ብዬ አልከራከርም። የይዘት ዓይነቱን የያዘው ሄደር ተበላሽቶ ሲመጣለት ኤክሴፕሽን (የስህተት ምልክት) እየወረወረ ሰርቨር ያስቆም ነበር። ይህ ብቻ እውነተኛ ቅሬታ ነው። መፍትሔው ታዲያ ክላሱን መግደል ነው? ፓርስ ማድረግ አልተቻለም የሚል ውጤት መልሱ፣ የመጣውን ጽሑፍ እንዳለ አብራችሁ አስቀምጡ፣ አለቀ። ብሮውዘሮች የሚከተሉት፣ ዋትዊግ የተባለ ቡድን ያወጣው ደንብ ፓርስ አለመደረግን ራሱን አንድ ውጤት አድርጎ ይቆጥረዋል። ማንም ሰርቨር አይወድቅም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ስትሪንግ ከየት እንደመጣ አይናገርም። ዓይነቱን ላኪው ነው ያወጀው? ከፋይሉ ስም ጭራ ነው የተገመተው? ወይስ ባይቶቹ ታይተው ነው? ከፋይሉ ስም ጭራ ዓይነቱን የሚገምተው የፓይተን ማይምታይፕስ በዊንዶውስ ላይ ከሬጂስትሪ፣ ማለትም ከዊንዶውስ የቅንብር መዝገብ፣ ያነባል። ሌላ ፕሮግራም እዚያ ገብቶ ጃቫስክሪፕትን ተራ ጽሑፍ ነው ብሎ ካስመዘገበ፣ ያው ኮድ አንዱ ኮምፒውተር ላይ ሠርቶ ሌላው ላይ ብሮውዘሩ ሞጁሉን አልቀበልም ይላል። የወርድ ዶክኤክስ ፋይል ውስጡ ዚፕ ነው፤ የመጀመሪያ ባይቶቹን ብቻ ያየ ሰው ዚፕ ነው ቢል አልዋሸም። ሁለት ስትሪንጎች ሲጋጩ የትኛውን ታምናላችሁ? ክላስ ምንጩን አብሮ መያዝ ይችላል። ይህን በአሮጌው ላይ መጨመር ሲገባ አሮጌውን ጣሉት።

አዲሱ ቨርዥን ገና አልተለቀቀም፤ ስለዚህ ጥያቄዬን ላስቀምጥ። የማይለወጥ አንድ ትንሽ ክላስ። ሦስት ጥያቄ ይመልስ፦ ሙሉ በሙሉ እኩል ነው ወይ፣ ፓራሜትሩን ትተን እኩል ነው ወይ፣ ከመደመሩ በኋላ ያለው ጭራ ምንድን ነው። ወደ ጽሑፍ መመለስ ለፈለገ አንድ ሜተድ ይኑር፤ ስትሪንግ የሚወዱት በዚያ ይጽናኑ። እስከዚያው የእኔ ፕሮጀክቶች አሁን ያለው ቨርዥን ላይ ተቆልፈው ይቆያሉ። አሻሽሉ የሚለው ማስታወቂያ ቢፈልግ በየቀኑ ይምጣ።